ከል ሳልለብስ ወደ ሰቆጣ

ሰቆጣን በወሬ እንጂ በዓይኑ የማያውቅ የደሴ ሰው ብዙ ነው። እኔም እስከዚያ ዓመት ድረስ ከነሱ አንዷ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። ባሌ ኪሮስ የሰቆጣ ልጅ ነበር፤ “አንድ ቀን ይዤሽ እሄዳለሁ፣ ማር በእንጀራ ትበያለሽ” እያለ ሲሸነግለኝ ኖሮ፣ በዐቢይ ጾም መገባደጃ የሚነዳው የጭነት መኪና ገደል ገባ። ደሴ ሆስፒታል ጥቂት ቀን ተኝቶ አረፈብኝ። ስለዚህ አገሩን ያየሁት ያለ እሱ ነው። “እንዴት ነበር መንገዱ?” ለሚለኝ ሁሉ አንድ በአንድ ከማወራ ብዬ ይህንን ጻፍኩ።

የሄድኩት ለመርዶ ነው። እናቱ ወይዘሮ ብርቄ ከኪሮስ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ባላቸውም ቀደም ብለው ሞተዋል። ኪሮስ ራሱ “የእማዬ ልብ ድንጋጤ አይችልም” ይል ነበርና፣ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። መርዶ ደግሞ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባት ባሉበት፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ ነው። አንዱ አላዋቂ ገበያ መሃል “ልጅዎን ነፍስ ይማር” ቢላቸውስ? እዚያው ክልትው ቢሉስ? ከተዝካሩ በፊት የሚሄድልኝ ሰው ፈለግኩ። የሥራ ባልደረቦቹ መንገዱን ፈሩ፤ ለእኔ ዘመዶች ደግሞ ሰቆጣ የዓለም ዳርቻ ነው። “እንግዲያው እኔው እሄዳለሁ” አልኩ። ባሌን ቀብሬ ሳልጨርስ አማቴን ልገድል ነው የምሄደው እያልኩ ነው የተነሣሁት።

ሌላ ጣጣም ነበረ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከሌን የሰፋሁት ራሴ ነኝ፤ እንባዬ መርፌውን እየጋረደኝ። ከል ለብሶ ደጅ የቆመ እንግዳ ግን መናገር አያስፈልገውም፣ ቀሚሱ ይናገርለታል። እሳቸው በራፍ ላይ ጥቁር ለብሼ ቢያዩኝ ቄስም ዘመድም ሳይደርስ ማለቃቸው ነው። ስለዚህ ከሌን አውልቄ አጣጥፌ ከሻንጣዬ ሥር ከተትኩት፤ ቢጫ አበባ ያለበትን ቀሚሴን ለበስኩ። እንባዬንም አብሬ አጣጥፌ ብከተው ደስ ባለኝ፣ እሱ ግን አልታጠፍ አለኝ። የሰፈር ሴቶች ሲያዩኝ አፋቸውን ያዙ። “ባሏን ቀብራ ሳትቆይ!” ስትል አንዷን ሰማኋት። ሻንጣዬን አንሥቼ አለፍኳት።

ሰኞ

የዳግም ትንሣኤ ማግስት ነው። ከቀበሌ የተሰጠኝን የይለፍ ወረቀት ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ የወልዲያ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ወረቀቱ የምሄድበትን ምክንያት “ቤተሰብ ለመጠየቅ” ይላል፤ ሊቀ መንበሩ ስለ መርዶ የሚጻፍበት ቦታ የለም ብሎኝ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ገና ሳልደላደል “ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን” አሉኝ። በሃምሳው ቀን ሰላምታው ይኸው ነው፤ መልሱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አፌ ግን አልተከፈተም። ለትንሣኤም ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም ነበር። ሌላው ሁሉ ሻማ ይዞ እልል ሲል እኔ በሬን ዘግቼ፣ ተነሣ የሚሉት እሱ ነው፣ የኔው አልተነሣ እያልኩ አደርኩ። አሮጊቷ የጥርስ ሕመም መስሏቸው ቅርንፉድ ሰጡኝ።

ሐይቅን፣ ውርጌሳን፣ መርሳን አልፈን ወልዲያ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለኝ። ደሴ በዚህ ወር ያለ ብርድ ልብስ አይታደርም፤ ወልዲያ አንሶላው ራሱ ከበደኝ። ያደርኩበት ቤት ትኋን የሚያህል ባለርስት አይቼ አላውቅም፤ አልጋው የነሱ ነበር፣ እኔ እንግዳ ነበርኩ። ባለቤቷ ጠዋት እጄን አይታ በጣም አዘነች፤ ሻይና ዳቦ ሰጥታኝ ሂሳብ አልቀበልም አለች።

ማክሰኞ

ስኳርና ጨርቅ ጭኖ በኮረም በኩል ወደ ሰቆጣ የሚሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና አገኘሁ። ሹፌሩ ሴት ጭነት ላይ አትቀመጥም ብሎ ጋቢና አስገባኝ። አጠገቤ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ወፈር ያሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ የሰቆጣ ነጋዴ ናቸው፣ ስኳሩም ጨርቁም የሳቸው ነው። ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። ሹፌሩን “አንተ ፍየል ነው የምትነዳ ወይስ መኪና?” እያሉ ሲያስቁት፣ ወደኔ ዘወር አሉና፦

“አንቺስ ልጄ፣ ወዴት ነሽ?”

“ሰቆጣ ነኝ።”

“ማን ዘንድ?”

መዋሸት ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። “ወይዘሮ ብርቄ ዘንድ። የልጃቸው የኪሮስ ባለቤት ነኝ” አልኩ።

ጋሽ ሰይድ ትክ ብለው ፊቴን አዩኝ፣ ቢጫውን ቀሚሴን አዩት፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው መቁጠሪያቸውን መቁጠር ያዙ። እኔ ደግሞ ላብ አጠመቀኝ። እኚህ ሰው የአማቴ አገር ሰው ናቸው፤ ፊቴ ላይ አንድ ነገር ካነበቡ ሰቆጣ ሲደርሱ ከኔ ቀድመው መናገራቸው ነው። ስለዚህ ደስተኛ መሆን አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ። ስለ አየሩ አወራሁ፣ ሳያስቅ ሳቅኩ፣ የሹፌሩን ካሴት “እስቲ ጨምርልን” አልኩ።

አላማጣ መግቢያ ኬላው ላይ አስወረዱን። ወታደሩ ወረቀቴን ገልብጦ ገልብጦ አየና “ባልሽ የት ነው?” አለኝ። ያኔ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ባሏ የት እንዳለ የማታውቅ ሴት ባሏ ጫካ ነው። ሞቷል እንዳልል ጋሽ ሰይድ ከጎኔ ቆመዋል።

“ሥራ ላይ ነው፣ ጓድ። ሹፌር ነው” አልኩት ፈገግ ብዬ። “ሲመለስ ይከተለኛል።”

“የአላህ ያለህ!” ሲሉ ሰማኋቸው ጋሽ ሰይድ። በወታደሩ የተናደዱ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ተለወጡ። ቀልዳቸው ቀረ። አላማጣ ላይ ሙዝ ገዙልኝ፣ ብርቱካን ገዙልኝ፣ “ብይ ልጄ፣ ጉልበት ያስፈልግሻል” ይሉኛል። ለምኑ ነው ጉልበት የሚያስፈልገኝ? ብዬ ሙዙን ላጥኩ።

ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣው ዳገት ጠመዝማዛ ነው። እዚያ ላይ ያለ ይሉኝታ ፈራሁ። ኪሮስ የሄደው እንዲህ ካለ መታጠፊያ ነው። በየመዞሪያው መኪናው አፍንጫውን ወደ ገደሉ አውጥቶ ሲመለስ፣ እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ዓይኔን ጨፍኜ እመቤቴን ስጠራ ጋሽ ሰይድ እጄን ያዙ። ሴት የማይጨብጡ ሰው እንደሆኑ በኋላ ነው የሰማሁት።

ኮረም ብርዱ የደሴ ወንድም ነው፤ ስገባ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ያሳደሩን ሴትዮ በትግርኛና በአማርኛ ቀላቅለው የሚያወሩ ደግ ሰው ናቸው። መንቀጥቀጤን አይተው ውሃ አሙቀው እግሬን ካላጠብኩ አሉ። “አጆኺ ጓለይ” ይሉኛል ቁርጭምጭሚቴን እያሹ። አይዞሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ምንም ሳልነግራቸው አይዞሽ መባሉ ሊያስለቅሰኝ ደረሰ፤ ሳሙናው ዓይኔ ገባ ብዬ አመለጥኩ።

ረቡዕ

ከኮረም እስከ ሰቆጣ መንገድ አለ ይባላል። እኔ ያየሁት ድንጋይ ነው። ሰውነታችን ሲናጥ አርፍዶ ከአንድ ሸለቆ ውስጥ “ቋ” የሚል ድምፅ ተሰማ። ጭነቱን የሚሸከመው ብረት፣ ባሌስትራው፣ ተሰበረ። ሹፌሩ ከሥሩ ተኝቶ ወጣና “የዛሬ ሰው አይደለንም” አለ። ረዳቱ መለዋወጫ ሊያመጣ ወደ ኮረም ተመለሰ።

ጋሽ ሰይድ ትንሽ ተንጎራደዱና ከዘራቸውን አነሡ። “እኔ በእግሬ ልቅደም። የገበያ ጉዳይ አለብኝ” አሉ። እዚያ ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ከማላውቀው ሹፌር ጋር ጥለውኝ ሊሄዱ ነው! ስኳራቸውም ጨርቃቸውም መኪናው ላይ ነው። ሀብቱን ሜዳ ላይ ትቶ የሚሮጥ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። “ምን ዓይነት ሰው ነዎት?” ልላቸው ምንም አልቀረኝ። ሹፌሩን ለብቻ ወስደው አንድ ነገር ነገሩትና፣ በዚያ ውፍረታቸው ዳገቱን ተያያዙት። እስከሚሰወሩ ድረስ በዓይኔ ረገምኳቸው።

ሹፌሩ ወዲያው ከዳገቱ ላይ ወዳለ የገበሬ ቤት ወሰደኝ። ባልና ሚስት ናቸው፤ እርስ በርስ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንኛ ያወራሉ፣ ለኔ በአማርኛ። ቤታቸው ድንጋይ ነው፣ ፍየሎቹም ከኛው ጋር ያድራሉ። የማሽላ እንጀራ በወተት ሰጡኝ። የደሴ ሰው የጤፍ ልማድ አለበትና መጀመሪያ ጉሮሮዬ እንቢ አለ፤ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ግን ለመድኩት። ሴትዮዋ የምትተኛበትን አጎዛ ለኔ አነጠፈች፣ እሷ መሬት ላይ ተኛች። ብለምናትም አልሰማችኝም።

ፀሐይ ሳይጠልቅ ሰውየው ከማሳው ሲመለስ እጁ አፈር ለብሷል። መሬቱ አመድ ነው፣ የዝናብ ጠረን እንኳ የለም። ማሽላ ሲዘራ መዋሉን ነገረኝ።

“በዚህ ደረቅ ላይ? ዝናቡ ባይመጣስ?” አልኩት።

“ካልዘራንማ ቢመጣ ምን ያገኛል?” አለኝ፤ የኔ ጥያቄ እየገረመው።

ሐሙስ

ባሌስትራው ተጠግኖ ሰቆጣ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከተማዋ በድንጋይ ቤቶች የተሠራች፣ እንደ ደሴ ተራራ የከበባት፣ ግን ከደሴ ይልቅ ደረቅና ጸጥተኛ ናት። ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በአካባቢዋ አለ ይላሉ፤ አላየሁትም፣ ለማየት የሚሆን ልብ አልነበረኝም። ሻንጣዬን ይዤ ከመኪናው ወረድኩ። ቤቱን እንኳ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ እልልታው ከሩቅ ይሰማል፤ ጋሽ ሰይድ መምጣቴን ተናግረዋል ማለት ነው።

ወይዘሮ ብርቄ በራፋቸው ላይ ነጭ ጥበብ ለብሰው ቆመዋል። ኪሮስ ቁርጥ እሳቸውን ነው፤ ግንባሩ፣ አገጩ። ልብሱ ገና ከሣጥን እንደወጣ የእጥፋቱ መስመር በግልጽ ይታያል፤ እኔን ለመቀበል ብለው ነው አልኩ። ሻሻቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል። ጉንጫቸው ላይ እየዳነ ያለ ጭረት አለ።

“ምን ነካዎት?” አልኳቸው።

“እሾህ ነው፣ ልሙትልሽ። እንጨት ስለቅም” አሉና አቅፈው ያዙኝ። ለረጅም ጊዜ አለቀቁኝም። “እሰይ፣ የልጄ ሚስት። እሰይ፣ መጣሽልኝ!” ይላሉ። እያንዳንዷ እሰይ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ደረቴ ላይ ትቀመጣለች። ሊሞቱብኝ ነው፤ በኔ እጅ ሊሞቱብኝ ነው እላለሁ።

ቤቱ በጎረቤት ሴቶች ተሞላ። በኽምጣንኛ ይንሾካሾካሉ፣ እኔ ቀና ስል ዝም ይላሉ። የእንግዳ ነገር ነው ብዬ ተውኩት። የኔ ሐሳብ ሌላ ነው፤ ማለዳ ላይ የንስሐ አባታቸውን ፈልጌ፣ ነገሩን ለሳቸው አስረክቤ፣ ዘመድ እንዲሰበስቡ ማድረግ።

ዓርብ

ማን ይለቀኛል! ውሃ ልቅዳ ስል ሁለት ሴት ይከተሉኛል፣ ደጅ ልወጣ ስል አንዷ ቀድማ ትወጣለች። አንዷን ለብቻዋ አግኝቼ “የንስሐ አባታቸው ቤት የት ነው? የምጠይቃቸው አለኝ” ብላት፣ የያዘችው ጣሳ ከእጇ ወደቀ። “አገር የሉም” አለችኝ። ቀትር ላይ ግን ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው በደጅ ሲያልፉ፣ እኔን አይተው ኮቴያቸውን ሲያፈጥኑ በዓይኔ አየሁ። እኔን የሚሸሽ ቄስ! ኃጢአቴ ከደሴ እዚህ ድረስ ተሰምቷል ማለት ነው?

በሃምሳው ቀን ዓርብም አይጾምም፤ ፍየል ታረደልኝ። ወይዘሮ ብርቄ ያጎርሱኛል፣ ከዚያ ይመረምሩኛል።

“ልብሽ ጤነኛ ነው? ድንጋጤ ያምሻል?”

“ኧረ ደህና ነኝ፣ እማማ። የእርስዎስ?”

“የኔማ ቻይ ነው። ነፍሰ ጡር ነሽ እንዴ፣ ልጄ?”

“አይደለሁም።”

እፎይ አሉ፤ ደግሞም ዓይናቸው ውሃ ሞላ። ሁለቱን ባንድ ላይ ምን እንዳመጣቸው አልገባኝም።

ከምሳ በኋላ ስለ ኪሮስ ማውራት ጀመሩ። የጎረቤት አህያ ሰርቆ ጋልቦ አህያዋ ቀጥ ብላ ወደ ባለቤቷ ቤት እንደወሰደችው ነገሩኝ። እኔም ደሴ መጀመሪያ ሊያየኝ የመጣ ጊዜ፣ ልብስ የሚያሰፋ መስሎ ጤነኛ ሱሪውን ራሱ ቀዶ እንዳመጣው ነገርኳቸው። እንዴት እንደሳቁ! እኔም ሳቅኩ። ከሞተ ወዲህ ከልቤ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው። ደስ አለኝ፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን ደስ አለኝ። ባል የሞተባት ሴት፣ ልጇ መሞቱን ከማታውቅ እናት ጋር ተቀምጣ እየሳቀች! ይህቺን ደስታ ነገ በእጄ ልሰብራት ነው አልኩ። ወይዘሮ ብርቄ ሳል በተነሣባቸው ቁጥር ደረታቸውን እያየሁ ዋልኩ።

ቅዳሜ

ገና ጎህ ሲቀድ የብዙ ሰው ኮቴ ሰምቼ ነቃሁ። በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢው ውስጥ በየድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ቄሱ መሃል ናቸው። ጋሽ ሰይድም አጥሩ ጥግ ቆመዋል። የመርዶ ጠዋት ምን እንደሚመስል ማንም አያጣውም። ወሬው ከኔ ቀድሞ ደረሰ፤ አንድ ሰው ሰምቶ ሊነግራቸው ነው የመጡት!

ወይዘሮ ብርቄ ከምድጃው አጠገብ ቆመዋል። ሮጬ በሁለት እጄ ወገባቸውን ያዝኩ፤ ቢወድቁ እኔ ላይ ይውደቁ ብዬ። እሳቸውም በሁለት እጃቸው እኔን ጥብቅ አደረጉኝ። እንደዚያው ተያይዘን ወጣን።

ቄሱ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጀመሩ። “ልጄ፣ ይህ ዓለም የእንግዳ ማደሪያ ነው። ጌታ የሰጠውን ጌታ ይወስዳል…” ዓይናቸውን ሲያነሡ የሚያዩት እኔን ነው። ሁለት ሴቶች ከኋላ ክንዶቼን ያዙ። አሁንም የተሳሳቱ መሰለኝ።

“አባ፣ ለማን ነው የሚናገሩት?” አልኩ።

“ለአንቺ ነው፣ ልጄ። በርቺ። ባልሽ ኪሮስ…”

“ኪሮስንማ የቀበርኩት እኔ ነኝ!”

ወይዘሮ ብርቄ ቀስ ብለው ፊቴን ወደሳቸው አዞሩት።

“ታውቂያለሽ?”

“እርስዎስ፣ እማማ? እርስዎም ያውቃሉ?”

“ከሆሳዕና በፊት ነው የሰማሁ።” ሻሹን ከራሳቸው ላይ ሳቡት፤ ጠጉራቸው የለም፣ ተላጭተዋል። ጉንጫቸውንም የቧጨረው እሾህ አልነበረም፣ የራሳቸው ጥፍር ነው። “ሰይድ እየሮጠ መጣና ‘ሚስቱ አበባ ለብሳ እየመጣች ነው፣ አልሰማችም’ አለኝ። በከል ብታይኝ በራፌ ላይ ትሞትብኛለች ብዬ ከሌን አወለቅሁ። አጥንትሽ እንዲያርፍ፣ ሆድሽ እንዲጠግብ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያቆየሁሽ።”

ለካ የጋሽ ሰይድ የእህት ልጅ ደሴ ይነግዳል፤ መኪናው ገደል ገብቶ መሞቱን ከሹፌሮች ሰምቶ ነበር፣ ለቀብሩ ግን አልደረሰም፤ እሱ ነው ወሬውን ያመጣው። ኬላው ላይ “ሥራ ላይ ነው” ስል ጋሽ ሰይድ የሰሙት፣ ሙት ባሏን የምትጠብቅ ምስኪን ሴት ነው። በዚያ ውፍረታቸው ያን ሁሉ አገር በእግራቸው ያቋረጡት ለኔ ብለው ነው። እኔ ደግሞ በዓይኔ ረግሜያቸዋለሁ።

“ወላሂ!” አሉ ጋሽ ሰይድ ከአጥሩ ጥግ፣ ራሳቸውን ይዘው። “ስኳሬን ለጅብ ትቼ የሮጥኩት ሁለታችሁም የምታውቁትን ለመደበቅ ነው?”

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም። ወይዘሮ ብርቄ ይመስሉኛል። ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ። ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ፤ ተቃቅፈን መሬት ላይ ተቀመጥን፤ ከደሴ ጀምሮ ይዤው የመጣሁትን እንባ ሁሉ በእሳቸው ነጭ ልብስ ላይ አፈሰስኩት። ማንም አልከለከለንም።

ጸጥ ስንል ቄሱ አጠገባችን ድንጋይ ስበው ተቀመጡ። ትናንት ስለሸሹኝ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ፊታቸው እንዳያሳብቅባቸው ፈርተው ነው። “እነዚያ ቅዱሳት ሴቶችም” አሉ፣ “ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ ሲሄዱ መንገዱን በሙሉ የተጨነቁት ‘ድንጋዩን ማን ያንከባልልናል?’ እያሉ ነው። ሲደርሱ ተንከባሎ ነበር። አንቺም ከደሴ እስከዚህ የተሸከምሽው ጭንቀት፣ ስትደርሺ እግዜር አንከባሎልሽ ቆየ።” ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው “ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን” አሉ።

ግቢው ተቀበላቸው። ወይዘሮ ብርቄ በዚያች በተላጨች ራሳቸው፣ በዚያ ባልዳነ ጉንጫቸው ተቀበሉ። እኔም አፌ ተከፈተ፤ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም። “ሰላም” ሲሉ “እምይእዜሰ”፣ “ኮነ” ሲሉ ደግሞ “ፍሥሐ ወሰላም” አልኩ። ከእንግዲህ ደስታና ሰላም ሆነ ማለት ነው። ስለው ውሸት አልመሰለኝም። ጋሽ ሰይድ በራሳቸው ሃይማኖት “አሚን” ብለው ስኳራቸውን ሊቆጣጠሩ ሄዱ።

እሑድ

ከቅዳሴ ስንመለስ ከበራፋቸው በሚገኘው ድንጋይ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሐዘኑ የትም አልሄደም፤ እዚያው መሃላችን ተቀምጧል፣ ግን እንደ ትናንትናው አያንቀንም። ለተዝካሩ ወይዘሮ ብርቄም ከኔ ጋር ደሴ ሊወርዱ ተስማምተናል፤ መኪናው በማግስቱ ነው። ዳገቱን እንደማይፈሩ ነገሩኝ፤ እኔ እንደምፈራ ነገርኳቸው። ከዚያ ማንም ሌላ ሰው ሊመልስላቸው የማይችለውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

“ሲሞት ምን አለ?”

“‘ጫማዬን አውልቂልኝ’ አለኝ። ጫማ ግን አላደረገም ነበር። እግሩን አሸት አሸት አድርጌ ‘አወለቅሁልህ’ አልኩት። ከዚያ ተኛ።”

ወይዘሮ ብርቄ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አዩት።

“ሲወለድም የቀደመው እግሩ ነው” አሉ። “አዋላጇ ‘አይሆንልሽም፣ ሞቷል’ ብላኝ ነበር። እኔ ግን ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ ተሰምቶኛል።”

እጄን ወስደው በእጃቸው ውስጥ አደረጉት።

“እኔ ሲመጣ ነበርኩ፤ አንቺ ሲሄድ ነበርሽ” አሉኝ። “ሲነሣ አብረን እንቆማለን።”